ጠቅ ያላለው መሰኪያ

ረቡዕ ነሐሴ ስምንት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታይፔ ውስጥ ኔይሁ በተባለው ሰፈር ባለች አንዲት የሙከራ ክፍል የኮምፒውተርን ምስል የሚሥሉ ሁለት የግራፊክስ ካርዶች ጎን ለጎን ይፈተኑ ነበር። አንደኛዋ ማንኛውም ተማሪ አጠራቅሞ የሚገዛት፣ ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ ርካሽ ካርድ ናት። ሁለተኛው ባለ ሦስት ማራገቢያ፣ እንደ ጡብ የከበደ፣ በዋጋው አንድ ሞተር ብስክሌት የሚያስገዛ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጫካና አንድ ዓይነት ዝናብ እንዲሥሉ ታዘዋል።

ዌንቺ የኮምፒውተር ዕቃ እየመረመረ ለገዢዎች ፍርዱን በሚያቀርብ ድረ ገጽ ላይ ትሠራለች። ሚዛን ውድና ርካሽ አይቶ ማድላት የለበትም ብላ ስለምታምን፣ የሥራ ባልደረባዋ ቦካይ «ዳኛዋ» እያለ ይቀልድባታል።

«ይቺን ምስኪን ተመልከቻት!» አለ ቦካይ፣ በትንሿ ካርድ ስክሪን ላይ እየተቆራረጠ የሚወርደውን ዝናብ እያየ። «ዝናቡ እንኳ አይቸኩልም፤ በየመሀሉ ሻይ እየጠጣ ነው የሚዘንበው።»

«ተዋት ወንድም ካይ» አለች ዌንቺ፤ ቦካይን በአክብሮት የምትጠራው እንዲህ ነው። « ለዋጋዋ ከሚገባት በላይ ነው የሠራችው።»

«ጠበቃዋ ተነሳች! ይኸኛውን እይው እንግዲህ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ሊቆጥርልሽ ነው። የሀብታም ልጅ!»

«የሀብታም ልጅ የሚበላውንም መብራት ጻፍለት።»

የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ኤሌክትሪክ ለካርዱ የሚያደርሰው መሰኪያ እስከ መጨረሻው ሲገባ «ጠቅ» ይላል። ጠቅ ሳይል ቢቀርስ? ብለው አንባቢዎች በተደጋጋሚ ጠይቀዋል። ዌንቺ የሁለቱንም ካርዶች መሰኪያ ሆን ብላ ለዓይን በማይታይ መጠን ወደ ኋላ ሳበችው። ቦካይ የእሳት ማጥፊያውን ታቅፎ ቆመ። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራም ተከፈተ።

ትንሿ ካርድ ምንም አልሆነችም። የምትጠጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ በተጣመመ ጉሮሮም ቢሆን ያልፍላታል። የትልቁ መሰኪያ ግን በካሜራው ላይ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ጫፍ ተንጠባጠበ፤ ከሥሩም አንዲት ቀጭን ነበልባል ብቅ አለች። ቦካይ ማብሪያውን በጡጫ መታና አጠፋው።

«እሰይ!» አለ እየሳለ። «ድህነት አንዳንዴ ዕድሜ ይሰጣል። ትንሿ በልኳ ጠጥታ ተረፈች፣ ጌታው በጥጋቡ ነደደ። ይህን ርዕስ አድርጊው ዳኛዋ። ምነው? አትስቂም እንዴ?»

ዌንቺ አልሳቀችም። እሑድ ዕለት ይኸንኑ የመሰለ ሌላ ትልቅ ካርድ በወንድሟ በጁንሁ ኮምፒውተር ውስጥ የገጠመችው እሷ ራሷ ነበረች። ሣጥኑ ጠባብ ስለነበር የመስታወት በሩን ለመዝጋት ገመዱን አጥፋ ገፍታዋለች። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር። መሰኪያው እንደገባ ጣቶቿ ነግረዋታል፤ ጆሮዋ ግን አልመሰከረላትም።

ደግሞም ያ ኮምፒውተር አሁን ሥራ ላይ ነው። ጁንሁ አኒሜሽን ሠሪ ነው፤ ትናንት ለተጠባባቂ ጦር ልምምድ ሲሄድ የፊልሙን ከባድ ክፍል እንዲሠራ ትቶት ወጥቷል። ካርዱ ከትናንት ጀምሮ ባለ በሌለ ኃይሉ እየሠራ ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ አማ ብቻ ናት፤ ሁለቱንም ልጆች ያሳደገች የአባታቸው እናት።

ወደ ጁንሁ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ በካምፑ በር ላይ ተሰብስቧል። የቤቱን ስልክ አማ ራሷ ነቅላ ጥላዋለች፤ «የልጅ ልጅሽ ታስሯል፣ ገንዘብ አምጪ» የሚሉ አጭበርባሪዎች ቢያስመርሯት።

«ወንድም ካይ፣ እሳት አደጋ ደውልልኝ። እቤታችን ነው።»

«ምኑ ነው እቤታችሁ?»

«ካርዱ! እሑድ የገጠምኩት! ጠቅ ሲል አልሰማሁትም!»

የቦካይ ፊት ጠቆረ። ቀልዱን ዋጠና ስልኩን አነሳ። እሷ በእጅ ስልኳ የሳሎኑን ካሜራ ከፈተች። ባለፈው ክረምት አማ ስትወድቅ ዌንቺ ያስገባችው ካሜራ ነው፤ ድምፅም ያስተላልፋል፣ ግን እስከዛሬ ለማየት እንጂ ለመናገር አልተጠቀመችበትም።

አማ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ በሸንበቆ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ከበስተቀኟ የጁንሁ በር ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ በኩል የኮምፒውተሩ ሰማያዊ መብራት ይታያል፤ ከበሩ አናት ላይ ደግሞ እንደ ገንፎ እንፋሎት ያለ ስስ ነገር እየወጣ ከኮርኒሱ ጋር ይሳባል። ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ በብረት ፍርግርግ ታጥረዋል። ብቸኛው መውጫ ከጁንሁ በር አጠገብ ነው።

«እየመጡ ነው!» አለ ቦካይ። «ጎረቤት የላችሁም?»

«በዚህ ሰዓት ሁሉም ሥራ ላይ ነው።» የድምፅ ምልክቱን ተጫነች። «አማ! አማ፣ ተነሺ! ከቤት ውጪ!»

የአማ እጅ ከኦቾሎኒው በላይ ቀጥ አለ። አንገቷ ወደ ትከሻዋ ሰመጠ። ዞር ግን አላለችም።

«ሰምታለች!» አለ ቦካይ። «ምን ነካት? በስሟ ጥሪያት፣ በሙሉ ስሟ!»

«አይሆንም! በስሟ ከጠራኋትማ ጭራሽ አትነሣልኝም።»

ዌንቺ አማ ለምን እንዳልዞረች ገብቷታል። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ነው፣ የሙታን ደጅ የሚከፈትበት። ፊቱን ያላያችሁት ድምፅ በስማችሁ ቢጠራችሁ አቤት አትበሉ፣ አትዙሩም፤ የዞረ ሰው እጁን ለጠሪው ሰጠ ማለት ነው። ይህን እሷንና ጁንሁን በልጅነታቸው ጆሯቸውን ይዛ ያስተማረቻቸው አማ ናት። አሁን ከግድግዳው የወጣው ድምፅ ደግሞ በትንሿ ድምፅ ማጉያ ተሞርዶ የቀጠነ፣ የሴትም የሕፃንም የማይመስል ነበር። ሙት ይጠራታል ብላ ብታስብ አማ ምን አጠፋች?

«አማ፣ እኔ ነኝ፣ ዌንቺ! ጠዋት ገንፎው ጨው በዝቶበታል ብዬሽ ‹እንግዲያው ነገ ራስሽ ሥሪ› ያልሽኝ! ሰው ነኝ አማ፣ መሥሪያ ቤት ነው ያለሁት!»

የአማ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ይታያል። የቡድሃን ስም እየደጋገመች ነው። ኦቾሎኒው ከጭኗ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሁለት እጆቿን አንስታ ጆሮዎቿን ደፈነች። ከኮርኒሱ ሥር የነበረው ስስ ነገር አሁን ስስ አልነበረም፤ ጠቁሮ ወደ ወንበሩ ይወርዳል።

«ሽታው እንዴት አይሰማትም?» አለ ቦካይ በሹክሹክታ፣ አማ እንዳትሰማው የፈራ ይመስል።

ዌንቺ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ አፏ አስጠጋች። እንዳትጮህ ራሷን ያዘች፤ ጩኸት ድምፅዋን የባሰ ከሰው ያርቀዋል።

«አማዬ፣ አቤት አትበዪኝ፣ እሺ፤ አትዙሪም። ስሜንም አትጥሪ። ዝም ብለሽ ተነሺና ወደ በሩ ሂጂ። እባክሽ አማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሺልኝ።»