አሟሟቱን ያየው ሰው

በሠልስቱ ዕለት ከቀትር በኋላ ካራ ሰፈር በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟቹ የሰላሙ እናት ለተሥላሴ፣ ታናሽ ወንድሙ ነአምን፣ የእናቱ ወንድም ጸሐዬ፣ የአባቱ ወንድም ከበበና የዕድሩ ሰዎች ነበሩ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ሁሴን ሲገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሰላሙ የተገደለ ቀን ሁሴን አብሮት ነበር።

ሁለቱ አጎቶች ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። ሰላሙ የሞተበትን ወረዳ ጸሐዬ «የእኛ ክልል ነው» ይላል፤ ከበበም «የእኛ ነው» ይላል። በዚሁ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ሰላሙ እዚያ አስተማሪ ነበር። ወረዳው እጅ በለወጠ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ እንደገና ይቀባል። ያን ጊዜ ለእናቱ ይደውልና ይስቃል። «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ክልል ገባሁ። ከወንበሬ ግን አልተነሣሁም።»

«ለአጎቶችህ እንዳትነግር» ትለዋለች፣ እሷም እየሳቀች።

«እነዚያ ናቸው አሉ የገደሉት» አለች አንዷ ለቀስተኛ ከለተሥላሴ ጀርባ።

«የትኞቹ?» አለች ጎኗ የተቀመጠችው።

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

ለተሥላሴ ከመርዶው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጎረቤት ያመጣው እዝን ፊቷ እንደ ቀረበ ቀዝቅዟል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የልጇን ገዳይ ማወቅ። ነአምን ግን ጠዋት «ገዳዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብቻ ልስማ፤ ደሙን ሳልመልስ እዚህ አታገኚኝም» ብሏታል። የታሰረ ቦርሳውን ከበሩ ኋላ አይታለች።

ከበበ ጉሮሮውን ጠረገ። «በል እንግዲህ ሾፌር፣ አሟሟቱን ንገረን።»

«መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ» አለ ጸሐዬ። «እንዲል የምትፈልገውን ደግሞ አንተ አትንገረው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ልትል ነዋ።»

ሁሴን አንገቱን ደፋ። «ጋቢና ከጎኔ ነበር። ለተማሪዎቹ ጠመኔ ጭነናል። ኬላው ጋ ስንደርስ አስቆሙን። ሰዎቹ...»

ነአምን ብድግ አለ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሸራውን አርገበገበው። ለተሥላሴ የሁሴንን ዓይን አየች፤ ገዳዮቹን ያውቃል። የነአምንን ጫማ አየች፤ ክሩ ጠብቆ ታስሯል።

የእዝኑን ትሪ ወደ ራሷ ሳበች። እንጀራውን ቆርሳ በሽሮው ጠቀለለችና ተነሥታ ሁሴን ፊት ቆመች።

«እናቴ፣ ልነግርዎት እኮ ነው።»

«ብላ። ከሩቅ ነው የመጣኸው።»

ጉርሻው አፉን ሞላው። ሳይውጠው ሌላ ጠቀለለች።

«ይናገር እንጂ» አለ ከበበ።

ዞር ብላም አላየችው። «በሞቴ» አለችው ለሁሴን። ሁለተኛውንም አጎረሰችው።

ሁሴን ቀና ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ከኋላዋ የቆመውን ነአምንን አየ። ቀስ ብሎ አኘከ። ዋጠ።

«ፊታቸውን ሸፍነው ነበር» አለ። «አልለየኋቸውም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያመነው ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ደግሞ የጠየቀው አልነበረም። ለተሥላሴም ከእንግዲህ አትጠይቀውም።

ጣቷ ላይ የቀረችውን ቁራሽ ወደ አፏ አስገባች።

ነአምን ተመልሶ ተቀመጠ።