እንሽርት ውሃ

በምርምር ጣቢያው አሥራ አራት ዓመት በግ ጠብቋል። ሠራተኞቹ «ጋሽ በጌ» ይሉታል፤ በጎቹ ከእሱ ይልቅ ያወራሉ እያሉም ይቀልዱበታል። ሥራው ያረገዙትን በጎች መመገብና ማሽኑ የሚያወጣውን ቁጥር መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር።

የጣቢያው ተመራማሪ ዶክተር የምታጠናው ጽንስ በእናቱ ሆድ ሳለ የደም ግፊቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። የአንዱን ግልገል ነርቭ ስትቆርጥ ግፊቱ ሽቅብ ቁልቁል ዋለለ እንጂ አልወደቀም። ለሌላዋ እርጉዝ በግ ከኩላሊት የሚነሣውን ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት ስትሰጣት ግን የግልገሉ ግፊት ወረደ፤ ሽንቱም ነጠፈ። ጋሽ በጌ ምክንያቱን ጠየቃት።

«እናትየዋን ብዙም አይጎዳትም፤ ግልገሉን ደግፎ የያዘው ግን ያ ሆርሞን ነው» አለችው። «ሽንቱ ከቆመ እንሽርት ውሃው ይደርቃል።»

የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል መዝገቡ ላይ ገለበጠ።

በዚያው ቅዳሜ ልጁን ሊጠይቅ ሄደ። አንድ ልጁ ናት፤ ልብስ ሰፊ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። ደም ግፊት ስላለባት ከማግባቷ በፊት የታዘዘላትን ኪኒን ሳታቋርጥ ትውጣለች። ክሊኒክ የሄደችው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለ ኪኒኑ የጠየቃት የለም፣ እሷም አልተናገረችም። ከስፌት መኪናው አጠገብ የኪኒኑን ፓኮ ሲያይ ያው ስም ተጽፎበታል።

ክው አለ። ግን የበግና የሰው መድኃኒት አንድ አይሆንም፣ ምን አውቄ ነው ልጄን የማስደነግጣት ብሎ ዋጠው። ዶክተሯንም መጠየቅ አፈረ።

በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቱ የተሰጣት በግ ግልገል ሞቶ ወጣ። በላስቲክ ጠቅልሎ ያወጣው እሱ ነው። እጁን ሳይታጠብ ተመልሶ ስለ ልጁ ኪኒን ለዶክተሯ ነገራት።

ዶክተሯ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷት።»

በአልትራሳውንድ ሲታይ ውሃው አልቆ ነበር ለማለት ይቻላል። ኪኒኑ ተቀየረ። በአምስተኛው ቀን የጽንሱ ልብ ሲደክም በኦፕራሲዮን ተወለደ፤ ወንድ ነው። በሕይወት የቆየው እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ ሽንት አልሸናም።

ልጁ ከአልጋዋ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«አባዬ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ባሏ ራስጌዋ ቆሟል። ጋሽ በጌ መዋሸት ይችል ነበር።

«ፓኮውን ካየሁ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተሯ ፓኮውን ባየበት ቀንም ቢሆን ምናልባት ረፍዶ ነበር ብላ ልታጽናናው ሞከረች። ይህን ለልጁ አልነገራትም፤ እሱም አላመነው።

ልጁ ስፌቷን ቀጥላለች። ሲመጣ ወንበር ታቀርብለታለች፤ አብራው ግን አትቀመጥም።