መነጽር ማንጠልጠያ

ውባየሁን የሰደበው ሳህሌ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ሜይ ዘጠኝ፣ 1993፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ፤ ቦታው ሳን ሆዜ፣ የአበሻው ጉባኤ ከአሜሪካኖቹ በሚከራየው ቸርች ውስጥ፣ ከፒያኖው በስተግራ። አሥራ አንድ ሰው ሰምቷል፣ ሰባቱ ስቀዋል። ሰባቱንም ውባየሁ በስም ያውቃቸዋል።

«ወንድም ውባየሁ፣» አለው ሳህሌ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ «አንተ በጸሎት አግዘን። ጆሮህ እንደሆነ መነጽር ማንጠልጠያ ነው።»

ያኔ ውባየሁ መነጽር እንኳ አልነበረውም። በወሩ ሐኪም ሲያዝለት የሳህሌ ምላስ ያመጣበት ነገር ነው ብሎ ደመደመ።

ውባየሁ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ፣ የዚያው ሕንጻ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሳህሌ ደግሞ ሶፊያ ከተማ ሦስት ዓመት ሙዚቃ ተማርኩ ይላል፤ ዲፕሎማው እስከ ዛሬ በፖስታ እየመጣ ነው። ውባየሁ ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም መዝሙር ድምፁን አውጥቶ አልዘመረም፤ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

በ1996 ኦክቶበር ላይ አሜሪካኖቹ ሚስተር ኖርበርግ የሚባሉ ስዊድናዊ ሽማግሌ፣ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ፣ ጋበዙ። ካረፉበት ከሳን ሊያንድሮ በቫኑ እንዲያመጣቸው የታዘዘው ውባየሁ ነው። ልጁ እድላዊት ማስታወቂያውን አነበበችለት።

«ዳዲ፣ ሂ ዋዝ ሶ ፌመስ። በዘጠኝ ዓመታቸው ኮንሰርት፣ ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ ቪየና፣ እስከ 1974።»

«ከዚያስ?»

«ናዚንግ። ከዚያ በቀጥታ ሳን ሆዜ።»

ሽማግሌው ራሳቸው ግን ታሪካቸውን የሚያወሩት በሌላ መንገድ ነበር። ገና ሄይዋርድ ሳይደርሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጀመሩ። «ማርች አራት፣ 1958፣ ስቶክሆልም። አንድ ጋዜጠኛ ኮንቼርቶዬን ቁም ሳጥን በደረጃ ሲወርድ ይመስላል ብሎ ጻፈ።» ቢጫ የሆነውን ቁራጭ ጋዜጣ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። ቀጥሎ 1963፣ ኦስሎ፤ የኦርኬስትራው መሪ እሳቸው እየተጫወቱ አዛጋ። ስለ ሽልማታቸው አንድም አላነሱም። የሰው ታሪክ መነገር ያለበት እንዲህ ነው ሲል ውባየሁ አደነቃቸው።

«የጋዜጠኛውን ስም ያስታውሱታል?»

«የሚስቱንም ጭምር። የዛሬው ድርሰት ለሱ መልስ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሱ ሞቷል፤ ቢሆንም ይስማ። ሳን ሆዜ ገና ነው?»

ውባየሁ እኛ እንደምንለው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ «አዎ» አለ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ከነሰውነታቸው ዞረው አፈጠጡበት።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«ኢትዮጵያ።»

«እንዲህ የምንለው እኛ የሰሜን ስዊድን ሰዎች ብቻ መስሎኝ። ስቶክሆልም ውስጥ ስቀውብኛል፤ ሰባት ሆነው።»

«የኔም ሰባት ናቸው።»

ሽማግሌውም ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። እስከ ሚልፒታስ ድረስ ሁለቱም አየር እየሳቡ ተስማሙ።

በልምምዱ ላይ የኖታውን ገጽ እንዲገልጥ የተመረጠው ሳህሌ ነበር፤ ከረባት አስሮ መጥቷል። ጽሑፉ ተሰርዞ፣ ተደልዞ፣ እንደገና ተሰርዞ፣ ከባለቤቱ በቀር ሶፊያም የማታነበው ሆኗል። የሽማግሌው አንገት ደግሞ ደርቋል፤ ምልክት መስጠት አይችሉም። «አዎ ስል ግለጥ» አሉት።

ተጫወቱና ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ሳህሌ ሮጦ ውሃ አመጣ። እንደገና ሳቡ፤ መስኮት ከፈተ። በሦስተኛው፣ «ሰውየው አስም ይዟቸዋል፣ 911 ኮል አድርጉ» ብሎ ተነሣ።

ሽማግሌው የፒያኖውን ክዳን ዘጉ። ወንበር ወደሚወለውለው ውባየሁ በጣታቸው አመለከቱ። «ሾፌሬ ይግለጥ።»

«እሱ?» አለ ሳህሌ በአማርኛ። «ኖታና ጉንዳን የማይለይ ሰው?»

ኦክቶበር አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ውባየሁ በልቡ መዘገበ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የአበሻው ጉባኤም፣ ውባየሁ ሲዋረድ ለማየት ይሁን ሲከብር፣ ነቅሎ መጣ። አንዲት ገጽ ያለቦታዋ ብትገለጥ የሠላሳ ስምንት ዓመቱ መልስ ይበላሻል፤ ጆሮውም ማንጠልጠያ እንደሆነ በሕዝብ ፊት ይጸድቃል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች እንደ ቅቤ አለፉ። ሰባተኛው ላይ ትንፋሽ ተሳበ፤ የውባየሁ እጅ ተነሣና አየር ላይ ቀረ። ከሽማግሌው አልነበረም። ከፊተኛው መደዳ፣ ከእትዬ ትርንጎ ነው። ጎረቤታቸው የካስትሮ ቫሊውን ሠርግ በሹክሹክታ እያወጋቻቸው፣ እሳቸው በየዐረፍተ ነገሩ «አዎ» ይላሉ።

ዓይኑን ጨፈነና አዳመጠ። የእትዬ ትርንጎ ትንፋሽ ቀጭን ነው፤ በወለቀው ጥርሳቸው ቀዳዳ ያፏጫል። የሽማግሌው ወፍራም ነው፤ ከሆድ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አልገለጠም። እትዬ ትርንጎ ሙሽራዋን፣ ድግሱንና አማቶቹን ሁሉ በ«አዎ» አጸደቁ። ውባየሁ አንዲትም ገጽ ለእሳቸው አልገለጠም።

ሙዚቃው፣ እውነት ለመናገር፣ ቁም ሳጥን በደረጃ ሲወርድ ይመስል ነበር። የመጨረሻው መሳቢያ እንደወደቀ ግን ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሽማግሌው የውባየሁን እጅ ጨብጠው ጮክ ብለው፣ «ይህ ሰው ጆሮ አለው» አሉ። ከሰባቱ አምስቱ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ሥራ ገብተው ስላመለጣቸው አዘነ።

ሳህሌ በር ላይ ጠበቀው፤ ከረባቱን ፈትቶታል።

«ወንድም ውባየሁ፣ ያንን ጽሑፍ እኔ እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። አንተ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። የት ተማርከው? ኖታ ታውቅ ነበር እንዴ?»

ትንፋሹ ደረቱ ላይ መጥቶ ወደ ውስጥ ሊሳብ አለ። አዎ ቢል ውሸት ነው፤ አይ ቢል የትንፋሹ ምስጢር ወጥቶ ነገሩ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ይፈታል። ውባየሁ ከንፈሩን ገጠመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ ጆሮው ላይ በጥንቃቄ አንጠለጠለ፣ የቫኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሽማግሌው ወደሚጠብቁበት ወደ ፓርኪንጉ አመራ።