ለሁለት የተካፈለ ጭስ

በዚያ አገር የሉተራኖች ጾም ሥጋም ቅቤም አይከለክልም። ሰው በየዓመቱ የሚተወውን ነገር ራሱ ይመርጣል። አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው ቴሌቪዥን፣ አንዳንዱም ሐሜት እተዋለሁ ይልና ሦስት ቀን ሳይሞላው ይገድፋል። በዚያ ዓመት ግን ቄሱ አዲስ ነገር አመጡ፤ ምእመኑ ጭስ ይጹም አሉ። መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ ቤት ለማሞቅ የሚነደው ጋዝ፣ ሁሉም ተደምሮ የሰው የካርቦን አሻራ ይባላል። መጀመሪያ ማን ምን ያህል እንደሚያጨስ ይታወቅ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ይቀንስ፤ የዘንድሮ ጾማችን ይኸው ነው አሉ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደ። ብሪታ የምትባል ወጣት የሳይንስ መምህርት ኮምፒውተሯን ከፍታ ሰውን በየተራ ትጠይቅ ጀመር። ጉድሩን ተራዋን የጠበቀችው የቤት ሥራውን እንደሠራ ተማሪ ደረቷን ነፍታ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ፌስታል አጥባ በገመድ የምታሰጣ፣ የተቀደደ ካልሲ የምትጠቅም፣ አውሮፕላን ከተሳፈረች ዘመን የቆጠረች ሴት ናት፤ ከእሷ በላይ ጿሚ ከየት ይመጣል?

«ቤትዎ ስንት ክፍል አለው?»

«ሰባት።»

«የሚሞቀው በጋዝ ነው?»

«በጋዝ ነው።»

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት» አለች ጉድሩን።

የጉድሩን ባል ዴልበርት ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎታል። መቃብሩ ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፤ ሬሳውን ከተሸከሙት ሦስቱ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ጉድሩን ግን የጠጣችው ከውሃ የቀጠነ የቤተ ክርስቲያን ቡና ብቻ ነበር። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እሷም እንደ ሌላው ሰው ሰማችው። ልመልሰው ብትል ምላሷ አልታዘዝ አላት።

በዚያ አገር ደግሞ ሰውን በሰው ፊት ማረም ከጥፊ ይከፋል። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር፣ ሌላው ስኳር የሌለውን ቡናውን ያማስል ጀመር። ብሪታም ታውቃለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ሁለት ብላ አስገባች።

«የቤቱ ጭስ ለነዋሪው ይካፈላል» አለች በቀጭን ድምፅ። «ስለዚህ የወይዘሮ ጉድሩን አሻራ ከሁላችንም ትንሹ ሆነ ማለት ነው።»

ተጨበጨበላት። ያ ጭብጨባ አመማት፤ ደስም አላት።

ወደ ቤቷ ስትሄድ በረዶው በለሆሳስ ይወርድ ነበር። በመንገዷ ላይ ያለው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል፤ ሰማዩም ያንኑ ነጭ ለብሶ የትኛው የት እንደሚያበቃ አይለይም። ከግማሽ መንገድ በኋላ ጉድሩን እግሯ መሬት መርገጡን እርግጠኛ አልነበረችም። ይህን ያህል ሰው ሁለት ናችሁ ካለ፣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ሁለት ነን ብላ አሰበች።

ዴልበርት በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነበር የሚውለው። ላባና ክር መንጠቆ ላይ እያሰረ ዓሣ የሚያታልሉ የዝንብ አምሳያዎች ይሠራ ነበር። ከሞተ ወዲህ ጉድሩን ያቺን ክፍል እንዲሁ ትታታለች። ከመስኮቱ ሥር ያለውን የብረት ማሞቂያም አንድም ቀን ቀንሳው አታውቅም። ፍል ውሃው በቧንቧው ሲመጣ ብረቱ ኳ ኳ ይላል፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፣ የተንጠለጠሉት ላባዎችም አንድ ሰው አሁን ከወንበሩ የተነሣ ይመስል ይወዛወዛሉ። ጉድሩን በሩ ላይ ቆማ የምታወራው ያኔ ነው።

«ስንት ናችሁ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሁለት።»

«ጎሽ» ይላታል ዴልበርት። ሁልጊዜ ጎሽ ይላታል።

ጾሟን በትጋት ያዘች። ፎቁን ወጥታ የእንግዳ ክፍሉን ማሞቂያ ጠርቅማ ዘጋች፤ ቧንቧው አጉረመረመና ዝም አለ። ቀጥሎ ትልቁን መኝታ ቤት ዘጋች። ቀጥሎ ሳሎኑን። አልጋዋን ከወጥ ቤቱ አጠገብ ዘርግታ፣ ሁለት ሹራብ ደርባ መተኛት ጀመረች። ቤቱ በየቀኑ እያነሰ ሄደ። ከተዘጉት በሮች በስተጀርባ ብርዱ እንደ ተከራይ ገብቶ ተቀመጠ። ብርሃኑ በመስኮቶቹ ውርጭ ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊ ይሆናል፤ በቀትር እንኳ ኮሪደሩን ማቋረጥ በውሃ ውስጥ እንደ መራመድ ነበር። ከዚያ የጓሮውን ክፍል ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ይቀበላታል።

ነገሩ ግን ከነከናት። ስሌቱ ገብቷታል። አንድ ብትል ኖሮ የቤቱ ጭስ በሙሉ የእሷ ነው፤ ከምድር ቤቱ ሰው ሁሉ ትበልጣለች እንጂ አታንስም። ፌስታል ማጠቡ፣ ካልሲ መጥቀሙ ከዚያ ፊት ኢምንት ነው። እሷ ብርድ ላይ ተኝታ ባዶ ክፍል ታሞቃለች፤ ጾመኛ ነኝ እያለ ተደብቆ የሚቀምስ ሰው ከዚህ በምን ይለያል? ማሞቂያውን ልዝጋ ብላ ሁለቴ እጇን ሰደደች። ብትዘጋው ላባዎቹ ይቆማሉ። ላባዎቹ ከቆሙ ከማን ጋር ታወራለች? ሁለቴም እጇን መለሰች።

አርዲስ የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀትር ላይ ነው። የዴልበርት ታላቅ እህት ናት፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚህ በማያንስ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ አገር በሰው ፊት የማይባለውን ሁሉ የምትለው እሷ ስለሆነች ሁሉም ይወዳታል፣ ማንም ግን ቤቱ አይጠራትም። ጉንፋን ይዟት ስለነበር ያን እሑድ ምድር ቤቱ ውስጥ አልነበረችም። አሁን ድንችና ሥጋ የተጋገረበትን ሳህን በፎጣ ጠቅልላ ገባች፤ በረዶውን ከጫማዋ እንኳ ሳታራግፍ ጀመረች።

«ሁለት ነን አልሽ አሉ።»

«አዳልጦኝ ነው።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዳልጥሻል? መቼም አገሩ በረዶ ነው።»

ጉድሩን ሳህኑን ተቀበለቻት። አርዲስ በኮሪደሩ አልፋ፣ ብርዱን እየረገመች፣ የጓሮውን በር ከፈተች።

«ኧረ በፈጠረሽ! እዚህ እኮ እንቁላል ይፈለፈላል!»

«እሱ እንዳይበርደው ነው» አለች ጉድሩን። ይህም አመለጣት፤ አሁን ግን የሰማት ሰው ዝም የሚል አልነበረም።

አርዲስ አልሳቀችም። በዴልበርት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ካፖርቷን ፈታች።

«ስሚኝማ፣ የኔ እመቤት። ወንድሜ እኮ የሙቀት ጠላት ነበር። በጥር ይህን መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ አልነበር የሚሠራው? ሰውዬ፣ ሐይቁን ልታሞቀው ነው ወይ እያልሽ የምትጮኺበት አንቺ አይደለሽም? እኔ ቤት ድረስ እኮ ይሰማ ነበር።»

ጉድሩን አስታወሰች። መስኮቱን አስታወሰች፤ ከነሐስ የተሠራ ይመስል የማይንቀሳቀሰውን ግትርነቱን፣ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር እየሳበ «ዝጋው ያለ ሰው ራሱ ይዝጋው» ማለቱን አስታወሰች። አርባ አራት ዓመት ሲኖሩ እውነተኛው ዴልበርት አንድም ቀን ጎሽ ብሏት አያውቅም። ይህን እሺ ባይ፣ ይህን ሙቀት ወዳድ ሰው ከላባና ከእንፋሎት የሠራችው ራሷ ናት፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ጋዝ ያነደደችለት ለእሱ ነው። ያንን የሠራችውን ስታሞቅ ግን እውነተኛውን ባሏን ረስታው ነበር። ይህ ከሞቱ በላይ አስለቀሳት።

«ሞቷል» አለች። ቃሉን አፏን ሞልታ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሞቷል» አለች አርዲስ። እጇን ያዘቻት፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀቻትም።

ቆይተው የተጋገረውን ድንች እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በላባዎቹ መካከል በሉ። አርዲስ እየበላች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ፣ «እኔም ብሆን ሬዲዮኑን ሳላጠፋው ነው የምውለው። ለማዳመጥ እንዳይመስልሽ» አለች። «ማሞቂያዬ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ይበላል።»

«እንግዲያ ለምን እዚህ አትሆኚም?»

«ኧረ ተይ፣ አላስቸግርሽም።»

«ምን ችግር አለው?»

«አይ፣ አይ፣ ቤቴ ደኅና ነው።»

በዚያ አገርም እንደኛው ሦስተኛ ሳይለመን እሺ አይባልም። ጉድሩን ሦስተኛውን ለመነች።

«እሺ» አለች አርዲስ። «ግን እዚህ ምድጃ ውስጥ አልተኛም። እኔም የዴልበርት እህት ነኝ። ከአንቺ አጠገብ ያለችው የልብስ ስፌት ክፍልሽ ትበቃኛለች።»

ጉድሩን ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። የማሞቂያውን መዝጊያ በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ጠንክሮ ነበር፤ ከዚያ እሺ አለ። ውሃው አጉረመረመ፣ ብረቱ ኳ አለ፣ ዝም አለ። ሁለቱም ቆመው ላባዎቹን አዩ፤ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ረጉ።

በማግስቱ ጉድሩን ብሪታ ዘንድ ደወለች። «ያን ቀን ዋሽቻለሁ፤ አንድ ነበርኩ። አስተካክይው።»

«እንዲያ ከሆነ ከሁላችንም ትልቁ ይሆናል፣ ወይዘሮ ጉድሩን።»

«አውቃለሁ።»

«እኛም እኮ እናውቅ ነበር» አለች ብሪታ እያፈረች። «እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

«ለሁለት ሳምንት አልከፋኝም» አለች ጉድሩን፤ ወደ ውጭ ስታይ አርዲስ ትራሷን በብብቷ ይዛ መንገዱን እየተሻገረች ነበር። በማዶው ቤት የጭስ ማውጫ ላይ ጭስ አይታይም።

ጾሙ ሳይፈታ አንድ ንጋት ጉድሩን በሕልምና በእውን መካከል ሆና፣ መስኮቱ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ እንደ ልማዷ ድምፅዋን አሰማች።

«በረደህ?»

የመለሰላት የለም።

«ማንን ነው?» አለ ከግድግዳው ማዶ የአርዲስ የእንቅልፍ ድምፅ።

ጉድሩን ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

«አንቺን ነው» አለች። «በረደሽ ወይ?»