ሙጫው ከመቀባቱ በፊት

ሰፈርተኛው ባለቤቴን «ጆሮ» ነው የሚለው። ጠንካራ እንጨት በመዶሻ እጀታ አንኳኩቶ፣ ውስጡ መድረቁን በድምፁ ስለሚለይ ነው። ሙጫው ደግሞ የኔ ሥራ ነው። የዛፍ ሙጫ አኳራጅ በሚሉት ማቅጠኛ አቅጥኜ፣ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆመውና በብሩሽ እንጨቱን አጠጣዋለሁ። ከጫፎቹ ነው የምጀምረው፤ እንጨት የሚጠጣው በጫፉ ነው። ጠጥቶ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ አይበግረው፣ ምስጥ አይደፍረው። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ግን እርጥበቱን ቆለፍንበት ማለት ነው። ላዩ እያብረቀረቀ ሆዱ ይበሰብሳል።

ያን ሰሞን የያዝነው የልጃችንን የደጅ ደረጃ ነበር። የድሮው ደረጃ ባለፈው ክረምት ከእግሯ ሥር ተሰብሮ ጥሏታል። አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለተኛ መውደቅ የለም።

ባለቤቴ ሳንቃዎቹን አንኳኳና «ደርቀዋል፤ ሙጫሽን አምጪ» አለ።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። የአንዱ ሳንቃ ድምፅ እንደ ሞላ በርሜል የታፈነ ነበር። ባለቤቴ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስጠራው አይዞርም፣ ሬዲዮውን ያስጮኸዋል። እስካሁን አይቼ እንዳላየሁ አልፌ ነበር። ዛሬ ግን የልጄ እግር ነው። «አምላኬ፣ አንደበቴን አለዝብልኝ» ብዬ ብሩሹን አስቀመጥኩ።

«ይሄኛው ይቆይ።»

«ምን?»

«ይቆይ!»

«ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

«እንግዲህ አንተው አልከው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ አናጢ ስሆን አንቺ ምስማርና መርፌ አትለዪም ነበር!»

«እውነት ነው። ታዲያ ማን አስተማረኝ?»

ሳንቃውን ሞርሳ ላይ አስሮ መጋዝ አነሳ።

«ኧረ ተው! ደህና እንጨት ቢሆንስ?»

«ደህና ከሆነ አፍሽን ትዘጊያለሽ!»

ከመሀሉ ቆረጠው። ዳርና ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሀሉ ግን ጠቁሮ ወዝቷል። መዳፉን አሳረፈበትና አላነሳም። «አላልኩህም?» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ልጄን ልሰብራት ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የሰበርከው ሳንቃውን ነው። እሱም ለምድጃ ይሆነናል።»

ሳቁ አመለጠው። ከዚያ መዶሻውን በእጄ አስያዘኝ። «በይ አንኳኪ። እኔ አፍሽን እያየሁ እከተላለሁ።»

የቀሩትን አንድ በአንድ መታኋቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ነው ያላቸው። ፊት ለፊቱ ቆሜ «ደርቀዋል» አልኩት። ጣሳውን ራሱ አመጣልኝ።

ልጃችን ሆዷን ደግፋ የሥራ ቤታችን በር ላይ ብቅ አለች። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ከመንገድ ይሰማል እኮ!»

አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ተናገረ።

«እኔ መስማት ተስኖኛል፤ እናትሽ ትሰማለች። ደረጃሽ አንድ ሳንቃ ይቀረዋል። እስከዚያ ቤትሽ በጓሮ በር ግቢ።»