በደሌን ከሐሚዳ አፍ

እኔ ተሾመች ቂም መያዝ ተክኜበታለሁ። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት እናቴ ስትሞት የመካኒሳ ሰው ግልብጥ ብሎ ሲያስተዛዝነኝ፣ የቅርብ ጎረቤቴ ሐሚዳ ብቻ ዝር ሳትል ቀረች። ትንሽ ቀደም ብሎ ባሏ ሱልጣን ሲሞት ከጎኗ ያልተነሳሁት እኔ፣ ልጆቿን ያበላሁት እኔ! ከወራት በኋላ ደጄ ብትመጣ «አሁን ምን ቀረሽ» ብዬ በሬን ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆንን።

መስከረም ሲጠባ ወንድሟ ጀማሉዲን ለቡ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳት ነው፣ ጎረቤቷ እያኮረፈቻት እዚህ መኖር ከብዷታል ሲባል ሰማሁ። እሰይ፣ ግልግል አልኩ። አልኩ እንጂ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ባሌ ቦጋለ ሁኔታዬን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ሳያማክረኝ ጋሽ ዱጉማን ለሽምግልና ለመነ።

ጋሽ ዱጉማ የእድራችን ዳኛ ናቸው። የሳቸው ሽምግልና ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን በደል እንዲያወራ አይፈቅዱም። በባላጋራው ላይ የደረሰውን ነው የሚያስወሩት፣ ተበዳዩ ልክ ነው እስኪል ድረስ። ሁለታችንን ፊት ለፊት ሲያስቀምጡን፣ እኔ የራሴ ክስ አፌ ድረስ ሞልቶ የሷን ተናገሪ ስባል ደሜ ፈላ። እሷ ደግሞ ምን ተበደለች ብዬ ተቆጣሁ። እንግዲያው ሐሚዳ ትቅደም አሉ።

ሐሚዳ ሻሿን አስተካክላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረች።

«ተሾመች በሩ በተንኳኳ ቁጥር ማነው የመጣው ትል ነበር። እኔን ስትጠብቅ ነው። አጠገቧ ሰው ሊቀመጥ ሲል ቆይ ሰው አለበት ትላለች። የኔን ቦታ ነው የያዘችልኝ። የሰልስቱ ዕለት ግን መጠየቁን ተወችው። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለእናቷ ብቻ አልነበረም፣ ለኔም ነበር።»

ይህን ለቦጋለ አልነገርኩት፣ ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩት። ለራሴም ቢሆን እንዲህ ጥርት ብሎ አልታየኝም ነበር። እግዚኦ፣ ሰው የሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ገብቶ ያያል? ጋሽ ዱጉማ ልክ ነው ወይ ሲሉኝ እንደ ምንም አዎ አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ስለ ሐሚዳ ሆድ የምናገረው አንድ ነገር አጣሁ። ቢጨንቀኝ ወደሷ ዞርኩ።

«ይሄን ሁሉ በምን አወቅሽ? አልመጣሽም እኮ።»

ያን ጊዜ ዒዳ ላይ ነበርኩ አለች። ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሃይማኖታቸው፣ ጊዜዋ እስኪሞላ ለለቅሶም ቢሆን ከቤቷ አትወጣም። እኔ የማውቅ መስሏት ሰው አልላከችም። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሥር ፍራሿን አንጥፋ ተቀመጠች።

«ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ እኮ፣ ተሹዬ» አለችኝ። «ስታለቅሺ አለቅሳለሁ፣ ዝም ስትይ ዝም እላለሁ።»

ለቅሶዬ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ እንደሷ የቀረበኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ስጠብቃት የነበረው በበሩ በኩል ነው። ያኔ ሐሚዳ የተበደለችው ምን እንደሆነ ገባኝ።

«ሐሚዳ ጊዜዋ ሞልቶ ስትወጣ፣ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ደጅ ነው» አልኩ። «እኔ ደግሞ በሩን ዘጋሁባት።»

ሐሚዳ ልክ ነው ማለት አቅቷት በሻሿ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች።