አዳይቱ ላይ የተጠበቀው አምቡላንስ

ሲስተር ለተማርያም ከደብረ ብርሃን ወደ ሰመራ የመጣችው በአንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጥራ ነው። ድርጅቱ በጅቡቲ መንገድ ላይ ለሚሠሩ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና የጋራዥ ሠራተኞች የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ድርጅት ይባል እንጂ ሰመራ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ባልደረባዋ ማህሌት አግብታ ወደ አዳማ ከሄደች ወዲህ ቢሮውን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷው ነች። አንዳንድ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከሰው ጋር ሳትለዋወጥ ይመሽባታል።

ሥልጠናው ሁልጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር የሚሰጠው። ሲያበቃ ሠልጣኞቹ አስተያየት ይጠየቃሉ። ሁሉም "በጣም ጥሩ ነው" ይላሉ፤ አዲስ አበባ ያለው አለቃዋ ጉልላትም ደስ ይለዋል። እሷን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር፤ የተማሩት ነገር መንገድ ላይ ይጥቀማቸው አይጥቀማቸው ጠይቃ አታውቅም። ስለዚህ ማንም ሳያዛት ስልክ መደወል ጀመረች።

አብዛኞቹ አመስግነዋት ዘጉ። ደጀን የሚባል የአዋሽ መካኒክ ግን ደጋግማ ከደወለችለት በኋላ አነሳና፣ "እንዳስተማሩን ነው ያደረግሁት፣ ሲስተር" ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ድምፁ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ አዋሽ ሄደች።

ደጀንን ያገኘችው ከጋራዡ ጀርባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ምሳውን ሲበላ ነው። ሌሎቹ ፊት ለፊት ጥላ ሥር አንድ ትሪ ከበው ይሳሳቃሉ።

"ከእነሱ ጋር አትበላም?"

"ድሮ እበላ ነበር።"

አጠገቡ ተቀመጠች። ምሳውን ወደ ጎን አድርጎ ነገራት። ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ፣ አዳይቱ አካባቢ የተበላሸ መኪና ሊጠግን ሄዶ ሳለ አንድ ተሳቢ ተገለበጠ። ሾፌሩ ጌጡ ደጀን በደንብ የሚያውቀው ሰው ነበር። መሬት ላይ ወድቆ ጭኑ ይደማል። ሰዎች ተሯሩጠው አይሱዙ ላይ ሊጭኑት ሲሉ የከለከላቸው ደጀን ነው።

"'የተጎዳ ሰው አይነካም፣ አምቡላንስ እንጠብቅ' አልኳቸው። እርስዎ እንደዚያ ብለውናል። ቁስሉን በሸሚዜ ተጭኜ ይዤ ጠበቅሁ። አምቡላንሱ ለካ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሩቅ ሄዷል። ጌጡ 'ደጀን፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?' ይለኛል። አምቡላንሱ ሳይደርስ እጄ ላይ አለፈ።"

ለተማርያም "አንተ ጥፋት የለብህም" ልትለው አፏን ከፍታ ተወችው። ስንቱ ሰው እንደዚያ ብሎት ይሆናል።

"አምቡላንስ ካልመጣ ምን እንደምታደርጉ አልነገርኳችሁም" አለችው። "ጉድለቱ የእኔ ነው።"

ደጀን ቀና ብሎ አያት። "ታዲያ አሁን ምን ይደረጋል?"

"አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ማን የት ቆሞ ነበር? በአጠገባችሁ ምን ነበር?"

እያወጣ እያወረደ ነገራት። የጭነት ሸራ ነበረ። ጣውላ ነበረ። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ነበሩ፤ የአይሱዙውም ኋላ ባዶ ነበር። ያልነበረው የተጎዳን ሰው አንገቱን ሳይጎዱ፣ የሚደማውን ቦታ ሳይለቁ እንዴት እንደሚያነሱት የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ማስተማር የነበረባት እሷ ናት።

ለጉልላት ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

"ለተ፣ ይሄ ሪፖርት ውስጥ ከገባ ለጋሾቹ ምን ይሉናል?" አላት።

"ካልገባ የሚቀጥለውን ሥልጠና አልሰጥም።"

ጉልላት፣ "እሺ፣ ጻፊው። እኔ አስረዳቸዋለሁ" አለ።

የሚቀጥለው ሥልጠና አዳራሽ አልገባም። ከአዋሽ ከተማ ዳር፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ለተማርያም ቀድመው የሠለጠኑትንም ጠርታ ነበር። ትምህርቱን ከመጀመሯ በፊት፣ "ከዚህ በፊት ያስተማርኳችሁ የቱ ጋ እንዳልሠራ ንገሩኝ" አለቻቸው። ሰው ተያየ። እዚያው ሜዳ ላይ ሻይ የምትሸጠው፣ ቀደም ሲል አብራ የሠለጠነችው ሙኒያ፣ "ወላሂ እኔ አደጋ ቦታ ላይ ደሙን ሳይ ሮጥኩ" አለች። አንዳንዱ ሳቀ። የመኪና ጎማ ተደግፎ የቆመው ደጀን ግን አልሳቀም። ወደፊት መጣና የጌጡን ነገር በጥቂት ቃል ነገራቸው።

ከዚያ ሸራ አነጠፉ። አንዱን ረዳት ጣውላ ላይ አስተኝተው አነሱት፤ ሲያዘነብልባቸው አውርደው እንደገና ሞከሩ። ጭንቅላቱን የያዘው ደጀን ነበር። "ቀስ፣ አብራችሁ! ጭኑን የያዝከው እንዳትለቅ!" እያለ ሜዳው ላይ የቆመ አይሱዙ ላይ አወጡት።

ለምሳ ሲበተኑ የጋራዡ ልጆች ጠሩት። ሄዶ ዳር ተቀመጠ፤ ብዙም አልበላ።

ለተማርያም ወደ ሰመራ በሚመለሰው ሚኒባስ ተሳፈረች። ከጎኗ የተቀመጠች ሴት፣ "ዘመድ ጥየቃ ነበር?" አለቻት።

"አይ፣ ለሥራ ነው።"

ስለ ደጀን፣ ስለ ጌጡ ልትነግራት አሰበች። ከየት እንደምትጀምር እያመነታች ዞር ስትል፣ ሴትየዋ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።